ዲግሪ ይዞ ወደ ነርሲንግ፦ "የ12 ወሩ" ፕሮግራም በትክክል ስንት ወር ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንደምን ነሽ፣ የምጽፍልሽ ከዚሁ ከጅማ ከመንደራ ሰፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. በባዮሎጂ ዲግሪ ተመርቄ እስካሁን ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፣ ጂፒኤዬ 3.12 ነው፣ እድሜዬ 33። ባለቤቴ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ የኔና የልጆቹ የግሪን ካርድ ፕሮሰስ ተጀምሯል። ትንሹ ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ባሌ ሰሞኑን የአንድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ላከልኝ፣ ሌላ ዲግሪ ያለው ሰው በ12 ወር ነርስ ይሆናል ይላል፣ ክፍያው 62 ሺህ ዶላር ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነርስ መሆን ነበር ምኞቴ ምደባው ነው ባዮሎጂ ያደረገኝ፣ እና ማስታወቂያውን ሳይ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ጓደኛዬ ደግሞ በዚህ እድሜሽ ልጅ ይዘሽ ምን ያንገላታሻል አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይ? ጥሩውን ፕሮግራም ከመጥፎው በምን ልለየው? እዚህ እያለሁስ የማዘጋጀው ነገር አለ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም ታናሽ እህቴ በአካውንቲንግ ዲግሪዋ ሄዳ በዚሁ መንገድ ነው ነርስ የሆነችው፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ጅማ በነርስነት እየሰራሁ ተማሪ ሳለማምድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የምነግርሽ ግማሹ ከሷ ስልክ ግማሹ ከዋርድ ነው።

12 ወር የሚለው ውሸት አይደለም። እነዚህ አክስለሬትድ የሚባሉት ፕሮግራሞች አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃሉ፣ ስትጨርሺም የምታገኚው ያው የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ ነው፣ ያነሰ ወረቀት አይደለም። የሚያሳጥሩት ነርሲንጉን እንዳይመስልሽ፣ እንግሊዝኛውን ሂሳቡን ሶሻል ሳይንሱን በመጀመሪያው ዲግሪሽ ስለጨረስሽው እሱን ነው የሚተዉልሽ። እኛም አገር በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም ለማድረግ የተጀመረው ኒው ኢኖቬቲቭ የተባለው ፕሮግራም ሀሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የነርሲንጉ ትምህርትና ክሊኒካሉ (ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው ልምምድ) ግን እንዳለ ነው ያለው፣ ክረምት የሚባል እረፍት ሳይኖረው ተጠቅጥቆ ነው የሚሰጠው። እህቴ በሳምንት ሁለት ቀን ለ12 ሰዓት ሺፍት ንጋት ላይ ሆስፒታል ትገባ ነበር፣ የቀረውን ቀን ክፍል፣ ማታ ማታ ፈተና። በ16 ወር ውስጥ እናታችንን በቪዲዮ በደንብ ያወራቻት ስንቴ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ያለው 12 ወሩ መቆጠር ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ማስታወቂያው የሚቆጥረው ፕሪሪኩዚት የሚሏቸውን ከመግባትሽ በፊት ማለቅ ያለባቸውን ኮርሶች ጨርሰሽ ተቀባይነት አግኝተሽ የመጀመሪያው ክፍል ከገባሽበት ቀን ጀምሮ ነው፣ አንቺ ግን መቁጠር ያለብሽ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረድሽበት ቀን ጀምሮ ፈቃድ ያለሽ ነርስ ሆነሽ የመጀመሪያ ደሞዝሽን እስከምትቀበይበት ቀን ነው። ፕሪሪኩዚቶቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያሉ፣ ግን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት ከነላቦራቶሪያቸው፣ ማይክሮባዮሎጂ ከነላብ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኒውትሪሽን እና የሰው ልጅ እድገት ሳይኮሎጂ ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል አሉ። አሁን በልብሽ "እኔ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት ይሄማ አለኝ" ትያለሽ፣ እህቴም ስታቲስቲክሱ አለኝ ብላ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርሶች ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ ከቆዩ አይቀበሉም፣ ያንቺ ደግሞ 10 ዓመት ሊሆነው ነው። በዛ ላይ ባዮሎጂ ዲፓርትመንት የወሰድሽው ፊዚዮሎጂ የእንስሳቱ ከሆነ የሰው አናቶሚ ብለው አይቆጥሩትም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሴሚስተር ፕሪሪኩዚት፣ ቲስ ወይም ሄሲ የሚባለው የመግቢያ ፈተና፣ የማመልከቻ ጊዜ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከዛ 12ም ሆነ 16 ወሩ፣ ከዛ ደግሞ ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና አለ። ሁሉንም ስትደምሪው ሦስት ዓመት ገደማ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ዓመት ብለሽ አስቢና ካጠረ ደስ ይበልሽ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄንን ማንም አይነግርሽም። በአንቺ ዘመን የነበረው የባዮሎጂ ዲግሪ የሦስት ዓመት ነው አይደል? አሜሪካ ደግሞ ባችለር አራት ዓመት ነው፣ እና የሦስት ዓመት ዲግሪን እንደ ሙሉ ባችለር የማይቆጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የሚቆጥሩም አሉ። የአክስለሬትድ ፕሮግራም ዋናው መግቢያ ባችለር መኖሩ ስለሆነ ለፕሪሪኩዚት አንድ ዶላር ከማውጣትሽ በፊት ለትምህርት ቤቱ "የሦስት ዓመት የኢትዮጵያ ዲግሪ ትቀበላላችሁ ወይ፣ የየትኛውን ድርጅት ኢቫሉዌሽን (የውጭ ዲግሪ ግምገማ) ነው የምትፈልጉት" ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው። በስልክ የተባለ ነገር ሰው ሲቀየር ይጠፋል።

አሁን ጥሩውን ከመጥፎው ስለመለየት። እዚህ አገር አንድ ኮሌጅ ሲከፈት የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ለዛ ትምህርት መስክ ፈቃድ ሰጥቶታል ወይ ብለን እንደምንጠይቀው እዛም ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ያለበት ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ፕሮግራሙን አጽድቆታል ወይ ነው፣ ይሄ ከሌለ ኤንክሌክስ መቀመጥ አትችይም፣ ትምህርቱ ባዶ ነው። ሁለተኛው አክሬዲቴሽን ነው፣ የትምህርቱን ጥራት ገምግሞ የሚመሰክር ድርጅት እውቅና ማለት ነው፣ በነርሲንግ የሚታወቁት ሲሲኤንኢ እና ኤሲኢኤን የሚባሉት ናቸው፣ ይሄ ከሌለው ደግሞ ኋላ ማስተርስ ልቀጥል ስትዪ ወይ አንዳንድ ሆስፒታል ስታመለክቺ በሩ ይዘጋብሻል። ሁለቱንም ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ሳይሆን ከቦርዱና ከአክሬዲተሮቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ ነው የምታዪው። የጠነከርኩብሽ ያለምክንያት አይደለም፣ በፈረንጆቹ ጥር 2023 የአሜሪካ መንግስት ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የውሸት የነርሲንግ ዲፕሎማ ሸጠዋል ብሎ ሰዎችን ከሷል፣ አንዱ ወረቀት ከ10 እስከ 15 ሺህ ዶላር ነበር የሚሸጠው፣ ገዝተው ሲሰሩ የነበሩ ሰዎች ከየስቴቱ ፈቃዳቸውን እየተነጠቁ ነው የወጡት።

ከዛ የሚቀጥለው ኤንክሌክስ ላይ ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያ ሙከራ ስንት ፐርሰንት ያልፋሉ የሚለው ነው። ይሄ ምስጢር አይደለም፣ ብዙዎቹ የስቴት ቦርዶች በየዓመቱ በየትምህርት ቤቱ ያወጡታል፣ ብዙ ቦርዶች 80 ፐርሰንት አካባቢን እንደ ዝቅተኛ መስመር ነው የሚያዩት። የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የሦስት አራት ዓመቱን ተመልከቺ፣ ከ90 ወደ 75 እየወረደ የመጣ ትምህርት ቤት ውስጡ አስተማሪ እየለቀቀበት ሊሆን ይችላል። ግን እባክሽ በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳትታለይ፣ ፈተናውን ከተቀመጡት ውስጥ ስንት አለፉ ነው የሚለው፣ ሳይቀመጡ የቀሩትን አይቆጥርም። ስለዚህ "ከሁለት ዓመት በፊት ስንት ሰው ገባ፣ ከነሱ ውስጥ በሰዓቱ የተመረቀው ስንት ነው" ብለሽ ጠይቂ። 60 ሰው ገብቶ 35 ሰው ተመርቆ 34ቱ ቢያልፍ ወረቀቱ ላይ 97 ፐርሰንት ነው የሚያሳየው፣ ለተባረሩት 25 ሰዎች ግን ብድሩ ብቻ ነው የቀራቸው። አንዳንዱ ደግሞ ኮርሱን ሁሉ አልፈሽ የራሱን የመውጫ ፈተና ካላለፍሽ አያስመርቅም፣ እዚህ አገር ከ2015 ጀምሮ የመጣውን ኤግዚት ኤግዛም ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ኮርስ ብትወድቂ ምን እንደሚሆንም ጠይቂ፣ የሚቀጥለውን ባች ጠብቀሽ ትቀጥያለሽ ወይስ ትሰናበቻለሽ?

እኔ ከሁሉም በላይ የምጠይቀው ክሊኒካሉን ነው። እዚህ ጅማ ተማሪ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ማህበረሰብ ውስጥ ገብቶ ነው የሚማረው፣ ሲቢቲፒ ብለን ቤት ለቤት ስንዞር ቲቲፒ ብለን ጤና ጣቢያ ስንወጣ ያየነውን ሰው ነው ዛሬም አልጋው ላይ የምናውቀው። ነርስነት እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ነው ውል ያላችሁ፣ ቦታውን እናንተ ናችሁ የምታገኙልኝ ወይስ እኔ ነኝ የምፈልገው፣ ከቤቴ ስንት ሰዓት ይርቃል፣ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ነው የሚይዘው በያቸው። የህጻናትና የማዋለጃውን ልምምድ በእውነተኛ ታካሚ ላይ ነው ወይስ በአሻንጉሊት ሲሙሌሽን ነው የምታደርጉት በይም። ሲሙሌሽን መጥፎ አይደለም፣ ግን ምጥ ላይ ያለች እናትን እጅ ይዞ ማደር ሌላ ነው። እነዚህን ስትጠይቂ በቁጥር የሚመልስልሽ ትምህርት ቤት አለ፣ "አይዞሽ እናመቻቻለን፣ መጀመሪያ ዲፖዚት ክፈይ" የሚልም አለ፣ ከሁለተኛው ራቂ።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ 62 ሺህ የተባለው ከተለመደው ውጪ አይደለም፣ ከዛ ያነሰም ወደ 100 ሺህ የሚጠጋም አለ። ግሪን ካርዱ ሲደርስሽ የፌደራል ብድር መጠየቅ ትችያለሽ፣ ነገር ግን ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለሰው እርዳታ ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፣ የውጭ አገር ባችለርም ቢሆን። በመንግስት ብድር ደግሞ እንዳንቺ ራሱን የሚያስተዳድር ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ሰው በትምህርት ዓመት የሚያገኘው 12,500 ዶላር ነው፣ የቀረውን ከኪስ ወይም ከፍተኛ ወለድ ካለው የግል ብድር ነው የምታመጪው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ደግሞ እየተማራችሁ አትስሩ ነው የሚሉት። እንግዲህ ባልሽ ብቻውን የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የትንሹን የዴይኬር ክፍያ (ዴይኬር እዛ ምን ያህል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው) ይዞ 16 ወር ይዘልቃል ወይ የሚለውን አብራችሁ በወረቀት ላይ አስቀምጡት። እህቴ ልጅ አልነበራትም፣ አብሯት የጀመረ አንድ የሁለት ልጆች አባት ግን ጎበዝ ሆኖ ሳለ በአራተኛው ወር ነው ያቋረጠው።

ስለዚህ እኔ አንቺን ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። አክስለሬትዱን መጀመሪያ አላስበውም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ኤዲኤን የሚባል የሁለት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ አለ፣ ያው አንድ አይነት ኤንክሌክስ ነው የሚፈተኑት፣ ያው አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ነው የሚኮነው፣ ክፍያው ግን ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ባችለሩን እየሰራሽ በኦንላይን አንድ ዓመት አካባቢ ትጨርሺዋለሽ፣ ብዙ ሆስፒታሎች የክፍያውን ከፊል ይሸፍናሉ። እዚህ ላይ ያ የሦስት ዓመት ዲግሪ ነገር ተገልብጦ ሊጠቅምሽ ይችላል፣ ምክንያቱም ኢቫሉዌሽኑ ዲግሪሽ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል አይደለም ካለና ኮሌጁ ያንን ወረቀት ከተቀበለ ፔል ግራንት የማግኘት እድል አለሽ፣ እሱም እስከ 7,395 ዶላር በዓመት ደርሷል፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ትልቅ ገንዘብ ነው። ኤዲኤኑም የራሱ ወረፋና ውድድር አለው ቀላል ነው አልልሽም። ባችለር ያለውን የሚያስቀድሙ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፣ ኒውዮርክ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው ህግ አዲስ ነርሶች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ያስገድዳል፣ ያንቺ ሜሪላንድ ስለሆነ አሁን አያስጨንቅሽ። ግን ዘመድ ከጎንሽ ኖሮ ልጆቹን የሚይዝልሽ ከሆነ፣ ዲግሪሽ ሙሉ ሆኖ ከተቆጠረልሽ፣ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ በነዋሪ ዋጋ የምትማሪ ከሆነ (ነዋሪ ለመባል ብዙ ቦታ 12 ወር መኖር ይጠይቃል) ያኔ አክስለሬትዱ ጥሩ ነው፣ ፕሪሪኩዚቶቹም ቢሆኑ ለሁለቱም መንገድ ስለሚሆኑ አይባክኑም። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ትምህርት ቤት ግን ከዚህ ሆናችሁ ዲፖዚት እንዳትከፍሉ፣ አደራ።

እዚህ እያለሽ የምታዘጋጂው? ይሄ ነው ዋናው፣ ምክንያቱም ከሄድሽ በኋላ ከባድ ነው። መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግሽን ጨርሰሽ ክሊራንስ ያዢ፣ እሱ ሳያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣም። ከዛ ሬጅስትራር ሄደሽ ትራንስክሪፕቱ ለኢቫሉዌሽን ድርጅቱ እንዴት እንደሚላክ ጠይቂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በታሸገ ፖስታ እንዲልክ ነው የሚፈለገው፣ አንቺ ይዘሽው ብትሄጂ አይሆንም። ኢቫሉዌሽኑን ስታዝዢ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ነው የምታዝዢው፣ ዲግሪ አላት ብቻ የሚለው ርካሹ ለነርሲንግ አይጠቅምሽም። ዲፓርትመንትሽም ሂጂና የወሰድሻቸውን ኮርሶች ሲላበስ (የኮርሱን ይዘት ዝርዝር) በማህተም ይስጡሽ፣ ፊዚዮሎጂሽ የሰው ይሁን የእንስሳ፣ ላብ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ከሱ ነው። እህቴ ይሄን ሳታደርግ ሄዳ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀቷ ሰባት ወር ነው የተኛው፣ እኔ በየሳምንቱ እየተመላለስኩ ነው ያስወጣሁላት፣ በዛ ምክንያት አንድ የመግቢያ ዙር አልፏታል።

ክትባት የወሰድሽበትን ማስረጃ ሰብስቢ፣ ሄፓታይተስ ቢ በተለይ ሦስቱን ዙር ካልወሰድሽ እዚሁ ጀምሪው። የቲቢ ምርመራ ይጠይቁሻል፣ እኛ ህጻን ሆነን ቢሲጂ ስለምንከተብ ክንድ ላይ የሚወጋው ምርመራ ቲቢ ሳይኖርብሽም ሊያብጥ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ፣ የደም ምርመራው በቢሲጂ ስለማይሳሳት እሱን አድርጉልኝ በይ። እንግሊዝኛሽን ከዛሬ ጀምሮ ስሪበት፣ ግሪን ካርድ ቢኖርሽም ዲግሪሽ ከውጭ ስለሆነ ቶፍል ወይም አይኤልትስ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። አናቶሚውን ደግሞ ማታ ማታ ከዚሁ ማንበብ ብትጀምሪ ስትደርሺ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

እድሜ ላልሽው፣ 33 ዓመት ለነርሲንግ ምንም አይደለም። ክፍል ፊት ቆመሽ 10 ዓመት ያስተማርሽ ሰው ታካሚ ማስረዳት፣ የተቆጣ ቤተሰብ ማረጋጋት ከ22 ዓመት ልጅ ይሻልሻል፣ በእውነት ነው የምልሽ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ከአጋሮ ነኝ፣ በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ኤጀንት የአሜሪካ አክስለሬትድ ነርሲንግ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከዚሁ ሆነህ በ11 ወር ትጨርሳለህ ይላል፣ መመዝገቢያው 1,500 ዶላር ነው። ልመዝገብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትከፍል። ኦንላይን የሚባሉ እውነተኛ ፕሮግራሞች አሉ፣ ኦንላይን የሚሆነው ግን ሌክቸሩ ነው፣ ላቡንና በመቶዎች የሚቆጠረውን የክሊኒካል ሰዓት በአካል ተገኝተህ ትምህርት ቤቱ በተፈቀደለት ስቴት ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሰራው። አጋሮ ቁጭ ብለህ ያንን የምትሰራበት መንገድ የለም፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የተባለ ነርስ ደግሞ ቦርዱ ለፈተና አያስቀምጠውም። ገንዘቡን ከከፈልክ ደረሰኝና የተጻጻፍከውን ሁሉ ይዘህ ፖሊስ ጋ ሂድ፣ ለሌላው ሰውም ይጠቅማል። ፍላጎትህ የምር ነርስነቱ ከሆነ አገር ውስጥ ፈቃድ ባለው ተቋም ከመጀመሪያው ጀምሮ መማር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል ግን ሲያልቅ በእጅህ ሙያ ይኖርሃል።

ጥያቄ፦ እኔ በነርሲንግ ቢኤስሲ አለኝ፣ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ። አሜሪካ ስሄድ አክስለሬትዱን ልማር ወይ?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አንቺ ነርስ ነሽ'ኮ! ሁለተኛ ጊዜ 60 ሺህ ዶላር አትክፈይ። ያንቺ መንገድ የነርሲንግ ትምህርትሽንና የኢትዮጵያ ፈቃድሽን ማስገምገም ነው፣ ብዙ ስቴቶች የሚቀበሉት ሲጂኤፍኤንኤስ ሲባል የነበረውን አሁን ትሩሜሪት የተባለውን ድርጅት ነው፣ ከዛ ስቴቱ ከፈቀደልሽ በቀጥታ ለኤንክሌክስ ትመዘገቢያለሽ፣ የፈተናው ምዝገባ 200 ዶላር ነው፣ የስቴቱ ክፍያና ግምገማው ለብቻ ሆኖ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ እንደ አመላለስሽ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ይመጣልሻል፣ ጊዜው አምስት ሰዓት ነው። ግምገማው የሆነ ክሊኒካል ወይም ኮርስ ጎድሎሻል ቢልሽ እሱን ብቻ ነው የምታሟይው። ከመሄድሽ በፊት የስራ ልምድሽንና የሙያ ፈቃድሽን አሳድሰሽ ያዢ፣ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈበት ከዛ ሆኖ ማሳደስ ያስቸግራል።